የኮሮላዬን ካምቢዮ ላዳኑልኝ ጋሼ ምስጋናዬ ይድረሳቸው

ሰላም ለዚህ ቤት። አውቶማቲክ መኪና ያላችሁ በተለይ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ጎፋ አካባቢ ስለሚሠሩ አንድ አባት መካኒክ ሳልጽፍ ብቀር ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም።

መኪናዬ በእ.ኤ.አ. 2006 የተሠራች አውቶማቲክ ኮሮላ ናት። ዲ ላይ ሳደርጋት ቆም ብላ በድንገት መግፋት ጀመረች። የሽሮ ሜዳን ዳገት ስወጣማ ሞተሩ ይጮሃል እንጂ አትሄድም። ስኳርና ግፊት ያለባትን እናቴን ለክትትል የማመላልሰው በዚህችው መኪና ስለሆነ፣ እሷን ይዤ መሀል ዳገት ላይ ብቆምስ እያልኩ እንቅልፍ አጥቼ ነበር።

መጀመሪያ የወሰድኳት ቦታ ኮፈኑን እንኳን ሳይከፍቱ «ካምቢዮው አልቋል፣ ያገለገለ እናምጣልሽ» አሉኝ። የጠሩት ዋጋ የሚቀመስ አልነበረም። ምኑ እንደተበላሸ ስጠይቅ «ባልሽን ላኪውና ለሱ እናስረዳዋለን» ተባልኩ። ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ሌላው ጋ ደግሞ በሃይላንድ የተሞላ፣ ምን እንደሆነ የማይታወቅ ቀይ ዘይት ይዘው መጡ። «ቀይ ሁሉ አንድ ነው» ብለው ሊጨምሩት ሲሉ ቁልፌን ተቀብዬ ወጣሁ።

ጋሼ ግን ገና እንደደረስኩ የካምቢዮውን ዘይት መለኪያ መዘው በነጭ ሶፍት ጠረጉና አሳዩኝ፣ አሸተቱት። «ጠቁሯል እንጂ አልተቃጠለም። ካምቢዮሽ አልሞተም ልጄ» አሉኝ። እዚያው እንባዬ መጣ። ከዚያ መለኪያውን ወልውለው ወደ ብርሃን አዞሩና ብረቱ ላይ የተቀረጸውን አስነበቡኝ፦ ቲ-4። ለካ መኪናዋ የምትፈልገው የዘይት ዓይነት እዚያው ተጽፎ ኖሯል! ከዚያ በፊት ያሳየኝ ሰው አልነበረም።

የቶዮታው ኦሪጅናል ለኪሴ እንደማይሆን ስነግራቸው አልተቆጡም፣ አልናቁኝም። ሶማሌ ተራ ወዳለ ነጋዴ ራሳቸው ደውለው አይሲን የሚባለውን አስያዙልኝ። ለቶዮታ ካምቢዮ የሚሠራው የጃፓን ኩባንያ ዘይት ነው፤ ዕቃው ጀርባ ላይም ቲ-4 ተብሎ ተዘርዝሯል። «ይህ ጽሑፍ ካለበት ግዢ። ከሌለበት በነጻ ቢሰጡሽም እንዳትቀበዪ» አሉኝ። የዋጋው ልዩነት ለኔ ትልቅ እፎይታ ነው። ላገናኙበት ሰባራ ሳንቲም አልጠየቁኝም፣ የተቀበሉኝ የእጃቸውን ብቻ ነው።

አሠራሩን ላስረዳችሁ አልችልም። የገባኝ ዘይቱ በአንዴ ሙሉ በሙሉ እንደማይወርድ፣ የወረደውን ለክተው ያንኑ ያህል እንደሞሉ፣ ጥቂት ነድቼ ስመለስም እንደገና እንደቀየሩልኝ ነው። አሁን ዳገቱን እናቴን ይዤ በሰላም እወጣለሁ። ተመስገን!

ታማኝነታቸውን ደግሞ በዚህ እወቁት። የሥራ ባልደረባዬ ቪትዟን ይዛ ሄዳ ያንኑ ዘይት ብትጠይቅ እምቢ አሏት። የሷ ሲቪቲ የሚባለው ሌላ ዓይነት አውቶማቲክ ካምቢዮ ስለሆነ የራሱ ዘይት አለው፣ ይሄ ቢገባበት ይጎዳዋል ብለው መለሷት። ሠርተው ገንዘቧን መቀበል ይችሉ ነበር እኮ!

እባካችሁ፣ ካምቢዮሽ አለቀ ያሏችሁ ሁሉ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ለኚህ ሰው አሳዩ። ሴቶች እህቶቼ በተለይ ሂዱ፤ የጠየቃችሁትን ሁሉ ቁጭ አድርገው ያስረዷችኋል። ጋሼ፣ እድሜና ጤና ይስጥዎት። እናቴም በየቀኑ ትመርቅዎታለች።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። እሁድ አይሠሩም፤ በሌላው ቀን ሥራ ሳይደራረብባቸው ጠዋት ብትሄዱ ይሻላል።