ቪዲዮው ሲጠቁር፦ አክሰለሬሽን ማጥፋት ወይስ ድራይቨር ማደስ?

በጌም ኮምፒውተራችሁ ዩቲዩብ ከፍታችሁ ድምፁ እየተሰማ ምስሉ ከጠቆረ ወይም አረንጓዴ ከሆነ፣ ኢንተርኔቱን ከመውቀሳችሁ በፊት ግራፊክስ ካርዱን ጠርጥሩ። ኔትወርክ ሲደክም ቪዲዮው ይቆማል ወይም ይደበዝዛል እንጂ ቀለም አይቀይርም።

ፈጣኑ መፍትሔ ክሮም ሴቲንግ ውስጥ ሲስተም የሚለው ጋ ገብቶ ግራፊክስ አክሰለሬሽንን (የቪዲዮውን ሥራ ለግራፊክስ ካርዱ የሚሰጠውን አማራጭ) ማጥፋትና ብሮውዘሩን እንደገና ማስነሳት ነው። ዕዳው ግን ሲፒዩ (የኮምፒውተሩ ዋና ፕሮሰሰር) ላይ ይወድቃል፤ ቪዲዮውን የመፍታቱን ሥራ እሱ ስለሚረከብ፣ ጎን ለጎን ጌም ከተከፈተ የጌሙ ፍሬም (በሰከንድ የሚታየው የምስል ብዛት) ይወርዳል፣ ፋኑም ይጮኻል። 4ኬማ ባይሞከር ይሻላል።

ሁለተኛው መንገድ፣ ድራይቨሩን (ግራፊክስ ካርዱን የሚያሠራውን ሶፍትዌር) አራግፎ ከኤንቪዲያ ወይም ከኤኤምዲ ገጽ አዲሱን መጫን ጊዜም ዳታም ይበላል፤ ፋይሉ በመቶዎች ሜጋባይት ነው። እኔ የመጀመሪያውን ለምርመራ ብቻ ነው የምጠቀመው፦ አክሰለሬሽኑን አጥፍቼው ምስሉ ከተመለሰ፣ መልሼ አብርቼ ወደ ድራይቨሩ እሄዳለሁ።