ከመንዝ ባና ጋር 14 ወር

ስለ መጀመሪያዋ ሌሊት እውነቱን ልናገር። አልወደድኩትም። ባናውን፣ ማለትም ከበግ ጠጉር በእጅ የተሠራውን የመንዝ ብርድ ልብስ፣ ደርቤ ተኛሁ፤ እኩለ ሌሊት ላይ አንገቴን እያከክሁ ነቃሁ። ክፍሉ በሙሉ በግ በግ ይሸታል። ልገላበጥ ስል ሰው የተጫነኝ ይመስል አቃተኝ። «ክረምቱን ሙሉ የጠበቅሁት ለዚህ ነው?» ብዬ ተበሳጨሁ።

ጠዋት ስነሳ ግን አንድ ነገር ገረመኝ። በኅዳር ሁለት ካልሲ ደራርቤ ነው የምተኛው። ያን ሌሊት ሁለቱንም በእንቅልፍ ልቤ አውልቄ ወርውሬያቸዋለሁ።

አሁን ጥር ነው። ሁለተኛውን የብርድ ወቅት አብረን እያገባደድን ነው። ብዙ ሰው ቤቴ መጥቶ ሲያየው «ይሄ ነገር ያሞቃል? አያሳክክም?» ይለኛል። ያሞቃል፤ ያሳክካልም። ዝርዝሩ እነሆ።

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ይላል። ቀን ፀሐይዋ ታቃጥላለች፤ ማታ ደመና የለምና መሬቱ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሁሉ ወደ ሰማይ ይለቀዋል። ከዚያ ውርጭ ነው። ግቢ ውስጥ የረሳሁት ባልዲ ጠዋት ላይ ስስ በረዶ ሠርቶ ያገኘሁበት ቀን አለ። ብርድ ልብስ ፋብሪካ እዚህ ከተማ መተከሉ ያለ ነገር አይደለም።

ባናው የመጣው ከመንዝ፣ ከሞላሌ በኩል ነው። በደሴ መንገድ ወጥታችሁ ጣርማ በር ላይ ወደ ግራ ስትታጠፉ መንዝ ትገባላችሁ። ያ አገር ገብስና በግ ነው። የመንዝ በግ ትንሽ ናት፤ ጠጉሯ ሻካራ ነው፤ ብርዱን ግን ትችለዋለች። አክስቴ ጥቂት በጎች አሏት። ከአንድ በግ የሚሸለተው ጠጉር ብዙ ስላልሆነ ሁለት ሸለታ አጠራቀመችልኝ። አጠበችው፣ በጣቷ ዘረዘረችው፣ ክረምቱን ሙሉ በእንዝርት ፈተለችው። እዚያ ፈትል የሴት፣ ሽመና የወንድ ሥራ ነው። ሸማኔው ጎረቤቷ ነው። እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አድርጎ ጫፉ ላይ ተቀምጦ ይሠራል። ቀለም የሚባል ነገር አልነካውም። ጥቁሩ ጥቁር በግ ነው፤ ቡኒው ቡኒ በግ፤ ነጩ መስመር ነጭ በግ።

የእጅ ሽመና ዕቃው ጠባብ ነው። ስለዚህ ባናው ሁለት ቁራጭ ሆኖ ይሠራና መሀል ላይ ይሰፋል። ይቺን ስፌት ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ሽመናው ሲያልቅ ሥራው አላለቀም። ጨርቁ ሞቅ ባለ ውሃ ተነክሮ በእግር ይረገጣል። የበግ ጠጉር በማጉያ መነጽር ሲታይ እንደ ዓሣ ቅርፊት አለው። ሙቀት፣ ውሃና መታሸት ሲገናኙ ቅርፊቶቹ እርስ በርስ ይያያዛሉ፤ አንዴ ከተያያዙም አይላቀቁም። ጨርቁ ይጠባል፣ ይወፍራል፣ ቀዳዳው ይደፈናል። ነፋስ የማያሳልፈው ለዚህ ነው። ይህንንም ያዙልኝ፤ ያዋረደኝ እሱ ነው።

አሁን ስለ ሙቀቱ። ከዚህ በፊት የነበረኝ ያ ሁላችሁም የምታውቁት ለስላሳው የቻይና ብርድ ልብስ ነው፤ አንበሳ የታተመበት። እሱ ስትገቡበት ወዲያው ይሞቃል። ሌሊት ላይ ያልባችኋል። ትገልጡታላችሁ፣ ይበርዳችኋል፣ ትለብሱታላችሁ፣ ያልባችኋል። ባናው ሌላ ነው። ስትገቡበት ቀዝቃዛ ነው። ሩብ ሰዓት ያህል ትታገሱታላችሁ። ከዚያ በኋላ እስኪነጋ አንድ ዓይነት ሙቀት ነው። የበግ ጠጉር የራሱን ክብደት ሲሶ የሚጠጋ እርጥበት ጠጥቶም እርጥብ አይመስልም። ላባችሁን እሱ ይወስደዋል። ፖሊስተር ይህን አያውቅም።

መቆርቆሩ ግን እውነት ነው። «ይለመዳል» የሚሏችሁን አትመኑ። 14 ወር ሆኖታል፤ ዛሬም ባዶ ክንድ ከነካው ያሳክካል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከሥር ጋቢ ወይም አንሶላ ማድረግ። እኔ ያረጀ ጋቢዬን አደርጋለሁ። ጋቢው ለቆዳ፣ ባናው ለብርድ። የድሮ ሰዎች ይህን ያውቁት ነበር፤ እኔ ነኝ እንደ ፎጣ ይለሰልሳል ብዬ የጠበቅሁት።

ክብደቱን ወፍጮ ቤት ወስጄ አስመዘንኩት። ባለ ወፍጮው ሳቀብኝ። 4 ኪሎ ተኩል። የመጀመሪያው ሳምንት ከበደኝ፤ አሁን ያለ እሱ ስተኛ የሆነ ነገር የጎደለኝ ይመስለኛል።

ሽታው በሁለት ወር ገደማ ጠፋ። ክረምት ሲገባ ተመለሰ። ሐምሌ ላይ ቤቱ ሲረጥብ በጓ ቤት ገባች። አክስቴ በደረቅ ወይራ አጥኚው አለችኝ፤ አጠንኩት። አሁን የበግና የወይራ ጢስ ድብልቅ ይሸታል። እኔ ወድጄዋለሁ። ባለቤቴ ገና አልወሰነም።

ወደ ውርደቴ ልሂድ። አራተኛው ወር ላይ፣ የካቲት ውስጥ፣ ቡና እየጠጣሁ ስኒው ከእጄ አመለጠ። ሁለተኛ ስኒ ነበር፤ ነጩ መስመር ላይ ፈሰሰ። እኔ ሆዬ ውሃ አፈላሁ። ሳፋ ውስጥ የዱቄት ሳሙና በተንኩ። የባናውን አንድ ጫፍ ነክሬ እንደ ካልሲ ፈተግሁት። አጥብቄ ጨመቅሁት። ገመድ ላይ ሰቀልሁት። ሲደርቅ ያ ጫፍ በአንድ ስንዝር ያህል ጠብቧል። ድርቅ ያለ፣ እንደ ኮርቻ ልብስ የወፈረ ሆኗል። የቡናው ነጠብጣብ ደግሞ አለ፤ የሻይ ቀለም ብቻ ሆነ።

ደንግጬ ለአክስቴ ደወልኩ። ስልኩን ለሸማኔው አቀበለችው። አባባ፣ እንዲህ አደረግሁ አልኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና ሳቁን ለቀቀው።

«ልጄ፣ እኔ በእግሬ የጀመርኩትን አንቺ በእጅሽ ጨረስሽው!»

ልክ ነበር። ባናውን ባና ያደረገው ሙቅ ውሃና መታሸት ነው። እኔ እንደገና ረገጥሁለት ማለት ነው። የተያያዘ ጠጉር ደግሞ ወደ ኋላ አይመለስም። ምክሩን ሰጠኝ፦ ካልቸገረሽ በቀር አትጠቢው። ፀሐይ ላይ አስጪው፣ በዱላ መታ መታ አድርጊው፣ አቧራው ይውጣ። ግድ ከሆነ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ሳትፈትጊ፣ ሳትጨምቂ። ከዚያ ሣር ላይ ዘርጊው፤ ከሰቀልሽው በውሃው ክብደት ይለጠጣል። ከዚያ ወዲህ አንዴ ብቻ ነው ያጠብሁት፤ ምንም አልሆነም። የጠበበውን ጫፍ በእግሬ በኩል አድርጌ እተኛለሁ። እውነቱን ለመናገር ለእግር እሱ ይሻላል።

ስፌቷ ግን የእኔ ጥፋት አይደለችም። ሁለቱ ቁራጮች የተሰፉት በጥጥ ክር ነበር። ስድስተኛው ወር ላይ መሀሉ ተተረተረ፤ ሌሊት በቀዳዳው የገባ ብርድ ጉልበቴ ላይ ቀሰቀሰኝ። ጥጡ ያን ሁሉ ክብደት መሸከም አልቻለም። አክስቴ ለፋሲካ ስትመጣ ከራሱ ከጠጉሩ ወፍራም ክር ፈትላ ዳግመኛ ሰፋችው። ዘጠኝ ወር ሊሞላው ነው፤ ንቅንቅ የለም። ባና የምታሠሩ ከሆነ ከመጀመሪያው በጠጉር ክር ይሰፋልኝ በሉ። ይህን ብቻ አንብባችሁ ብትሄዱም አይቆጨኝም።

አንድ የገረመኝ ነገር ልጨምር። ነሐሴ ላይ ከምድጃው ፍም ፈንጥሮ ባናው ላይ ወደቀ። አንበሳው ብርድ ልብስ ቢሆን ቀልጦ ይጣበቅ ነበር፤ አንዱ ጥጉ እንደዚያ ሆኗል። ባናው ጨሰ፣ የተቃጠለ ፀጉር ሸተተ፣ ጠፋ። የሽምብራ ፍሬ የምታህል ጥቁር ምልክት ቀረች። ጠጉር እሳት ቢነካውም ነበልባል ይዞ አይቀጥልም። ከሰል ከሚነድበት ቤት አልጋ ላይ ምን እንደተነጠፈ ማሰብ ያኔ ነው የጀመርኩት።

ዋናው ጠላት ብል ነው። መስከረም ላይ ባናውን አጥፌ ሣጥን ውስጥ ከተትሁት፤ ሦስት ሳምንት እንኳ አልቆየም። ሳወጣው ጠርዙ ላይ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳ። የሚበላው የምታዩት ቢራቢሮ መሰሉ አይደለም፤ ትሉ ነው። ጨለማና ያልተነካ ቦታ ይወዳል፤ ላብና ምግብ የነካውን ክፍል ያስቀድማል። የእኔ ቀዳዳዎች የት እንደሆኑ ገምቱ። ቡናው የፈሰሰበት አጠገብ። አሁን ሣጥን የሚባል ነገር አላሳየውም። አልጋው ላይ ነው፤ በየሁለት ሳምንቱ ፀሐይ ይመታዋል።

ዋጋውን ሁሉም ይጠይቀኛል። ጠጉሩና ፈትሉ የአክስቴ ነው፤ በስኳርና በቡና፣ በኋላም በጥቂት ብር አካካስኩት፤ ተቆጥታም ቢሆን ተቀበለች። ለሸማኔው የከፈልኩት 1,800 ብር ነው። ገበያ ላይ ያለቀለት የምትገዙ ከሆነ ከዚህ ብዙ ይበልጣል፤ መብለጥም አለበት። አንድ ቀን ገበያ ውስጥ አንድ ሰውዬ ባና ይዞ «የበግ ጠጉር አይደል እንዴ!» እያለ ሲያዋርድ ሰማሁ። ይሄ ነገር አዲስ አይደለም። ምኒልክ እንኳ፣ የእኛው የአንጎለላው ተወላጅ፣ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው የሚሰድበውን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። አዋጁ ለስድብ እንጂ ለዋጋ ክርክር አልደረሰም መሰለኝ። የአንድ ክረምት ፈትል በስንት ይተመናል? እኔ እንዝርቱን ሞክሬው አውቃለሁ። በአንድ ሰዓት ውስጥ የፈተልሁት ክር አንድ አዝራር ለመስፋት ይበቃል፤ ያውም እየተበጠሰ።

ባናውን በጣም የምወደው ግን አልጋ ላይ አይደለም። ጠዋት አንድ ሰዓት ገደማ ፀሐይዋ ከአጥሩ በላይ ብቅ ትላለች። ሣሩ ላይ ውርጩ ገና ነጭ ነው። ባናውን ተከናንቤ ደጃፉ ላይ በርጩማ አወጣለሁ። ጀበናው እሳት ላይ ነው። ጥቁሩ ጠጉር ፀሐዩን ይጠጣል፤ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ጀርባዬ እንደ ምጣድ ይግላል። ስልክ አልይዝም፤ እጄን ከባናው ማውጣት ስለማልፈልግ እንጂ ጨዋ ስለሆንኩ አይደለም። ጎረቤቴ እማማ በአጥር በኩል አይተውኝ «ዛሬም እረኛ ሆነሽ ወጣሽ?» ይሉኛል። ባለፈው ሳምንት ግን ቡና ሲጠሩኝ «ባናሽንም ይዘሽው ነይ» አሉ። ሁለታችን አንዱን ተጋርተን ተቀመጥን። ለሁለት ሰው ትከሻ ይበቃል።

ቆዳው ቶሎ የሚቆጣ ሰው አይግዛው። ለሕፃን አይሆንም፤ ከባድ ነው። ሸዋ ሮቢት ያለ ወንድሜ አንድ ላሠራልህ ስለው «እዚህ አንሶላም ይሞቀናል» ብሎ ስቋል። ልክ ነው፤ ቆላ ላይ ምን ይሠራለታል። ደጋ ላይ ያለ፣ ትዕግሥት ያለው፣ ፀሐይ የሚገባበት ግቢ ያለው ሰው ግን ያሠራ።

እኔ ሁለተኛ አዝዣለሁ። አክስቴ ትናንት ደወለች። ጠጉሩ ተሸልቶ ታጥቧል፤ ልትፈትል ነው። ስፌቱ በጠጉር ክር ይሁን አልኳት፤ ነገርሽኝ እኮ አለች። ከዚያ ጠየቀችኝ፦ ነጭ መስመር ይግባበት ወይስ ድፍን ጥቁር?

ድፍን ጥቁር አልኳት። ቡና ቢደፋበት አይታይም።