ኦነርስ ሴክሽን፣ ሴሚናር፣ ኮንትራት ወይስ ቴሲስ? ለእናንተ የሚሆነው የቱ ነው?

አገር ቤት «በማዕረግ ተመረቀ» ሲባል የምናስበው ውጤቱን ነው። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች «ኦነርስ ኮርስ» ሲሉ ግን የሚያወሩት ስለ ትምህርቱ ዓይነት ነው፤ ከመደበኛው ጠለቅ ስላለ ትምህርት። በውጤት የሚሰጠው «ኩም ላውዴ» ሌላ ነገር ነው።

ሃይስኩል ውስጥ ኦነርስ ክላስ ብዙ ጊዜ ጂፒኤ ያሳድጋል። ዩኒቨርሲቲ ላይ ግን በአብዛኛው ኤ ያው 4.0 ነው። ለጂፒኤ ብላችሁ ከሆነ የምትገቡት፣ ይቅርባችሁ።

ለአንደኛ ዓመት ተማሪ ሴክሽኑን አስቀድማለሁ። ያው ኬሚስትሪ፣ ያው ኢኮኖሚክስ ነው፤ ግን መቶዎች በሚቀመጡበት አዳራሽ ፈንታ አነስ ያለ ክፍል ታገኛላችሁ። የግድ የምትወስዱትን ኮርስ ስለሚተካ ጊዜ አይሻማም። መምህሩም ስማችሁን ያውቃል። የድጋፍ ደብዳቤ ስትፈልጉ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ሴሚናር ንባብና ክርክር ነው። አሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለው ባሬት ኦነርስ ኮሌጅ አዲስ ገቢዎችን «ዘ ሂውማን ኢቨንት» በሚባል ኮርስ ያስጀምራል። ስዋርትሞር ኮሌጅ ደግሞ ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኦነርስ ተማሪዎቹን በሴሚናር አስተምሮ፣ ከውጭ በሚጋበዙ ምሁራን ያስፈትናል። በትልቅ ሰው ፊት ዝም በል እየተባለ ላደገ ልጅ መጀመሪያው ይከብዳል። እዚህ ዝምታ ማርክ ያስቀንሳል። ግን ለመናገር ድፍረት የሚገኘውም እዚሁ ነው፤ ዓይን አፋር ልጅ ካላችሁ አትከልክሉት።

ኮንትራት ማለት መደበኛ ኮርስ ላይ ተጨማሪ ሥራ ጨምሮ ኦነርስ ማድረግ ነው። ማታ ለሚሠራ ተማሪ የሚመች ይመስላል፣ በራሱ የጊዜ ፕሮግራም መሠረት ስለሚሄድ። ጣጣው ግን ፎርሙ ላይ ነው። የእህቴ ልጅ ባዮሎጂ ላይ ኮንትራት ስትገባ ፎርሙ ላይ የሰፈረው «ተጨማሪ ጽሑፍ» የሚል ብቻ ነበር። መምህሩ ፈረመ፣ እሷም ፈረመች። አሥረኛው ሳምንት ላይ ስትጠይቀው እሱ የጠበቀው ሃያ ገጽ፣ እሷ ያሰበችው አምስት። ከፋይናል ጋር ተደራርቦባት ሦስት ሌሊት ሳትተኛ አደረች። እናንተ ከመፈረማችሁ በፊት የገጹን ብዛት፣ የማስረከቢያውን ቀን፣ ከመምህሩ ጋር የምትገናኙበትን ሰዓት አስጽፉ። ደግሞ ፎርሙ ብዙ ቦታ በሴሚስተሩ የመጀመሪያ ሳምንታት ስለሚዘጋ አትዘግዩ።

ቴሲስ፣ ማለትም የመመረቂያ ጥናታዊ ጽሑፍ፣ ከሁሉም ከባዱ ነው፤ ብዙ ጊዜ የመጨረሻውን ዓመት ይፈጃል። ፒኤችዲ ለሚያስብ ግን የሚወዳደረው የለም፤ የራሱን ጥያቄ ይዞ ከአማካሪ ጋር መሥራትን ያስተምራል። ብቻውን መሥራት ለሚያስፈራው ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፓርክ ላይ ጄምስቶን የሚባል የኦነርስ ፕሮግራም አለ። ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ በቡድን ጥናት ይሠራሉ፣ በመጨረሻም ቴሲሳቸውን በባለሙያዎች ፊት አብረው አቅርበው ይከላከላሉ። ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ላሉ ቤተሰቦች ቅርብ ስለሆነ ሄዳችሁ ብታዩት ደስ ይለኛል።

ከመመዝገባችሁ በፊት ክፍያውን ጠይቁ። ባሬትን የመሳሰሉ ኮሌጆች ከትምህርት ክፍያው ሌላ የኦነርስ ክፍያ አላቸው። ዝቅተኛውን ጂፒኤም ጠይቁ፤ ከሱ በታች ከወረዳችሁ ከፕሮግራሙ ሊያስወጣ ይችላል። ብትወጡም ያለፋችሁት ኮርስ ክሬዲት ትራንስክሪፕታችሁ ላይ ይቆያል።