ልጄን አደራ ብሰጣቸው? የሳውዝ ካሮላይና ሴቶች ቅርጫት ኳስ አሰልጣኞች ሲመዘኑ

በአሜሪካ ኮሌጆች የሴቶች ቅርጫት ኳስ አሰልጣኝ የሆነ ሰው የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ከወላጆቿ እጅ አደራ ይቀበላል። ለአራት ዓመት ያህል እንቅልፏና ምግቧ፣ ትምህርቷና ጉዳቷ፣ ብዙ ጊዜም ተስፋዋ በእሱ እጅ ይሆናል። ለትምህርት ቤቷ ቡድን የምትጫወት ልጅ ስላለችኝ፣ ጨዋታ ስመለከት ዓይኔ ከኳሱ እየሸሸ አሰልጣኞቹ ወደተቀመጡበት መሄድ ከጀመረ ቆይቷል። ባለፈው ዓመት በትምህርት ዕረፍት ወቅት ባስገባኋት ሥልጠና ላይ አሰልጣኙ ኳስ አባከንሽ ብሎ በጓደኞቿ ፊት ሲያዋርዳት ከዳር ቆሜ አይቻለሁ፤ ልጄ ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ ኳስ አልነካችም። ይህ ግምገማ የሚነሳውም ከዚያ ነው። በሳውዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ አሰልጣኞች ላይ አጥብቄ የምመለከተው ቡድኑ ሲሸነፍና ተጫዋች ስትሳሳት የሚያደርጉትን ሲሆን፣ ከ2023 እስከ 2025 ያሉት የውድድር ዘመናት ለዚህ በቂ ማስረጃ ይሰጣሉ። ቀኖቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዋና አሰልጣኟ ዶውን ስቴይሊ በ1970 በፊላደልፊያ ተወልደው፣ በከተማዋ ሰሜናዊ ክፍል በሚገኝ የመንግሥት መኖሪያ መንደር ከወንዶች ጋር እየተጋፉ ኳስ የተማሩ ፖይንት ጋርድ፣ ማለትም ኳሱን ይዘው የቡድኑን ጨዋታ የሚመሩ ተጫዋች ነበሩ። በተጫዋችነት በ1996፣ በ2000 እና በ2004 የኦሊምፒክ ወርቅ አግኝተዋል፤ በአቴንስ መክፈቻ ሥነ ሥርዓት ላይ የአሜሪካን ሰንደቅ ዓላማ ይዘው የገቡትም እሳቸው ናቸው። በቶኪዮ ደግሞ የብሔራዊ ቡድኑ ዋና አሰልጣኝ ሆነው ወርቁን ደግመውታል። በ2008 የእናታቸው የትውልድ ግዛት ወደሆነችው ሳውዝ ካሮላይና ሲመጡ የመጀመሪያው ዓመት ውጤታቸው 10 ድልና 18 ሽንፈት ነበር። ዩኒቨርሲቲው ታገሣቸው፤ የመጀመሪያው ብሔራዊ ዋንጫ የመጣው በዘጠነኛው የውድድር ዘመናቸው፣ በ2017 ነው። ከዚያ በ2022 እና በ2024 ተደግሟል። ለዚህ ትዕግሥት ዩኒቨርሲቲው ምስጋና ይገባዋል፤ ሌላ ቦታ ቢሆን በሁለተኛው ዓመት ሻንጣቸውን ባስያዟቸው ነበር ብዬ አምናለሁ።

ነገር ግን አንድ ሰው ብቻውን እዚህ አይደርስም፤ ስቴይሊም በዙሪያቸው ያሰባሰቧቸው ሰዎች ማንነት ስለ ራሳቸው ብዙ ይናገራል። ሊሳ ቦየርን እንውሰድ። በ1990ዎቹ ለጥቂት ዓመታት ቆይቶ በፈረሰው የሴቶች የሙያ ሊግ ውስጥ፣ መጀመሪያ በሪችመንድ በኋላም በፊላደልፊያ ይጫወት የነበረውን ሬጅ የተባለ ቡድን ያሰለጥኑ የነበሩት ቦየር ሲሆኑ፣ ስቴይሊ ተጫዋቻቸው ነበሩ። ቦየር በ2001–02 ከክሊቭላንድ ካቫሊየርስ አሰልጣኞች ጋር ሠርተው በወንዶቹ የሙያ ሊግ የአሰልጣኞች ወንበር ላይ የተቀመጡ የመጀመሪያዋ ሴት ተብለው ይታወቃሉ። ከዚያ በኋላ በ2002 በቴምፕል ዩኒቨርሲቲ ከቀድሞ ተጫዋቻቸው ሥር በምክትልነት ገቡ፤ በ2008ም አብረው ወደ ሳውዝ ካሮላይና መጡ። ትናንት ስታዝህ የነበረችን ሰው ዛሬ ምክትል አድርጎ ከጎን ማስቀመጥ፣ ለእሷም ትናንት ያዘዘቻትን ልጅ ዛሬ አለቃዬ ብሎ መቀበል፣ ሁለቱም ቀላል አይደሉም። ጨዋታ ሲጦዝ፣ ሕዝብ ሲጮኽ፣ ለአለቃዋ «ይህ አያስኬድም» ለማለት የማትፈራ ሰው በቅርብ መኖሯ ለኔ ከማንኛውም የጨዋታ ዕቅድ ይበልጣል።

ሌላዋ ምክትል ጆሌት ሎው በበኩላቸው የዚያው ግዛት ልጅ ናቸው፤ ፍሎረንስ ከተባለችው ከተማ ተነስተው በአይዋ ዩኒቨርሲቲ በስመ ጥሯ አሰልጣኝ ቪቪያን ስትሪንገር ሥር ተጫውተዋል፣ ትርኢታዊ ጨዋታ ከሚያሳየው ከሃርለም ግሎብትሮተርስ ቡድን ጋርም ዓለምን ዞረዋል። ከረጅም የምክትልነት ዘመን በኋላ በ2007 የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ዋና አሰልጣኝ ሆነው በ2012 ተሰናብተዋል፤ በቴነሲ ዩኒቨርሲቲ ከሠሩ በኋላ በ2017 ስቴይሊን ተቀላቀሉ። ከሥራ መሰናበትን የቀመሰ ሰው ወጣት ተጫዋች ስትወድቅ የሚያያት በሌላ ዓይን ነው። ካዲጃ ሴሽንስ ደግሞ ከ2012 እስከ 2016 ለስቴይሊ የተጫወቱ፣ ተመልሰው ያሰልጣኝነቱን ወንበር የያዙ ናቸው። በ2023 ምክትሉ ፍሬድ ክሚየል ቦውሊንግ ግሪንን በዋና አሰልጣኝነት ለመምራት ሲሄዱ ዊንስተን ጋንዲ ከዱክ ዩኒቨርሲቲ መጡ፤ እሳቸውም በ2025 በተራቸው የግራንድ ካንየን ዋና አሰልጣኝ ሆነው ሄደዋል። ምክትሎቿን የማታስቀር፣ አሠልጥና ለሌላው የምትሰጥ አለቃ ከሥሯ የሚሠራ ሰው አታጣም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በመጋቢት 2023 መጨረሻ፣ ዳላስ ላይ፣ ሳውዝ ካሮላይና 36 ጨዋታ አሸንፎ አንድም ሳይሸነፍ ለግማሽ ፍጻሜ ቀረበ። አይዋ 77 ለ 73 አሸነፈው። የአይዋ ኮከብ ኬትሊን ክላርክ 41 ነጥብ አስቆጠረች፤ ከዚያ ነጥብ በላይ የሚታወሰው ግን ክላርክ የሳውዝ ካሮላይናዋን ሬቨን ጆንሰንን ከሩቅ ወርውሪ ብላ በእጇ ምልክት እያሳየች ባዶ የተወቻት ቅጽበት ነው። የአይዋ አሰልጣኞች የሳውዝ ካሮላይናን ደካማ ጎን አግኝተውታል፤ መከላከላቸውን ወደ ቅርጫቱ ሰብስበው ከሩቅ ወርዋሪዎቹን ተዉአቸው፣ ሳውዝ ካሮላይናም ከ20 የሦስት ነጥብ ሙከራዎች ያገባው 4 ብቻ ነው። ይህ የተጫዋቾቹ ብቻ ጥፋት አልነበረም። ዓመቱን ሙሉ በቁመትና በጉልበት ሲያሸንፍ የኖረ ቡድን ከሩቅ የማስቆጠር ልማድ ሳያዳብር ለዚያ ቀን መድረሱ የአሰልጣኞቹ ጉድለት ነው፤ ይህንንም በግልጽ መጻፍ ተገቢ ነው።

ከሽንፈቱ በኋላ የሆነው ግን እነዚህን ሰዎች እንዳከብራቸው አድርጎኛል። የመጀመሪያ ተሰላፊ የነበሩት አምስቱም ተጫዋቾች ለቀው ነበርና ቡድኑ ከባዶ ሊጀመር ይችል ነበር። አሰልጣኞቹ ጉድለታቸውን በስሙ ጠርተው ከኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ቴሂና ፓዎፓዎን አመጡ፤ እሷም በዚያው ዓመት በሦስት ነጥብ ውርወራ ከአገሪቱ ምርጦች መካከል ሆነች። ሬቨን ጆንሰን ደግሞ ያንን ቪዲዮ ደጋግማ እያየች ስትብሰለሰል የከረመች፣ ኳስን ጭራሽ ስለመተው ያሰበች ልጅ ናት። አልጣሏትም፣ አልደበቋትምም፤ ፖይንት ጋርድነቱን ሰጥተው በመሪነት አስቀመጧት። በ2024ቱ ውድድር ኢንዲያና ከሰፊ ልዩነት ተነስቶ ሁለት ነጥብ ብቻ ሲቀረው፣ ጨዋታው ሊያልቅ አንድ ደቂቃ ገደማ ሲቀር፣ ከሦስት ነጥቡ መስመር ውጭ ወርውራ ያስቆጠረችው ሬቨን ጆንሰን ናት። ዓመት ሙሉ አይችልም የተባለ እጅ ነው ያንን ኳስ ያገባው። እኔ ያን ጊዜ ከመቀመጫዬ ተነስቼ ነበር።

ፍጻሜው በሚያዝያ 7 ቀን 2024 በክሊቭላንድ ተካሄደ፤ ተጋጣሚውም ያው አይዋ ነበር። አይዋ 10 ለ 0 መራ። ክላርክ በመጀመሪያው ሩብ ብቻ 18 ነጥብ አስቆጠረች፣ ሩቡም 27 ለ 20 አለቀ። በዚህ ሰዓት የሚደናገጥ አሰልጣኝ ዕቅዱን ሁሉ ይገለብጣል፤ እነዚህ ግን ሳይደናገጡ በክላርክ ላይ የሚደረገውን መከላከል አጥብቀው ሬቨን ጆንሰንን ይበልጥ አስጠጉባት፣ ተቀያሪዎቻቸውንም እያፈራረቁ አስገቡ። ክላርክ በቀሩት ሦስት ሩቦች የጨመረችው 12 ነጥብ ነው። ከቅርጫቱ ተመልሶ የሚወጣውን ኳስ በመያዝ ሳውዝ ካሮላይና 51 ለ 29 በለጠ፤ ካሚላ ካርዶሶ ብቻዋን 17 ያዘች። ከተቀያሪዎች የተገኘው ነጥብ ደግሞ 37 ለ 0 ሲሆን፣ ከእነዚህ ውስጥ 19ኙን ያስቆጠረችው የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዋ ቴሳ ጆንሰን ናት። ውጤቱ 87 ለ 75፣ የዓመቱ ድምር 38 ድልና 0 ሽንፈት ሆነ። ስቴይሊ እያለቀሱ ዋንጫውን ሲቀበሉ የተሸነፈችውን ክላርክን በስሟ ጠርተው ስፖርቱን ከፍ ስላደረገች አመሰገኗት። ከወቀሳ በቀር ምንም የማይሰጥ አሰልጣኝ ያየሁ ሰው ስለሆንኩ፣ ይህቺ አጭር ምስጋና ለኔ ከዋንጫው አታንስም።

ጉድለታቸውንም አልሸሽግም። ከዚያ ፍጻሜ አንድ ወር ገደማ ቀደም ብሎ በኮንፈረንሳቸው (በሚወዳደሩበት የዩኒቨርሲቲዎች ምድብ) ፍጻሜ ከሉዊዚያና ስቴት ጋር ሲጫወቱ ግርግር ተነስቶ ካርዶሶ ተጋጣሚዋን ገፍትራ ጣለች፤ ከተቀያሪዎች ወንበር ተነስተው ሜዳ የገቡ ተጫዋቾችም ተባረሩ። ካርዶሶ በዚህ ምክንያት የብሔራዊ ውድድሩ የመጀመሪያ ጨዋታ አለፋት። ስቴይሊ ወዲያውኑ በቴሌቪዥን ይቅርታ ጠይቀዋል፤ ይህም ያስመሰግናቸዋል። ነገር ግን ጭቅጭቁ ከደቂቃዎች በፊት ጀምሮ ሲግል ይታይ ነበርና፣ ወንበር ላይ የተቀመጡትን ልጆች ይዞ ማስቀረት የምክትሎቹ ሥራ ነበር። በ2025ቱ ፍጻሜ ደግሞ በታምፓ ከኮነቲከት ጋር ተጫውተው 82 ለ 59 ተሸንፈዋል። ከቅርጫቱ ሥር የለመዱት ብልጫ ሲነጠቅና የተቀያሪዎቹ ጉልበት ብቻውን ሳይበቃ ሲቀር ሌላ የማጥቂያ መንገድ አላሳዩም፤ የ2023ቱ ሕመም በሌላ መልኩ የተመለሰ መስሎኛል።

ተጫዋቾችን ማፈራረቁም የራሱ ዋጋ አለው። ተቀያሪዎች 37 ነጥብ የሚያስቆጥሩበት ቡድን፣ ሌላ ቦታ ሠላሳ አምስት ደቂቃ የምትጫወት ልጅ አስራ ስምንት ደቂቃ የምታገኝበት ቡድን ነው። ዩኒቨርሲቲው የሚገኝባት የኮሎምቢያ ከተማ ልጅ የሆነችው ሚላይዥያ ፉልዋይሊ፣ ደጋፊው ሁሉ የሚወዳት ባለ ተሰጥኦ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከወንበር እየተነሳች ከተጫወተች በኋላ በ2025 ወደ ተቀናቃኙ ሉዊዚያና ስቴት ተዛውራለች። አሰልጣኞቹ ተሳስተዋል ለማለት አልደፍርም፤ ልጁን የሚልክ ወላጅ ግን ይህን አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

ከሁሉ በላይ ልቤን የነካው የካርዶሶ ጉዳይ ነው። ከብራዚል በአሥራ አምስት ዓመቷ ያለ ቤተሰብ መጥታ፣ ከሲራክዩስ ዩኒቨርሲቲ ወደ ሳውዝ ካሮላይና የተዛወረች ልጅ ናት። በመጋቢት 2024፣ ተመራቂ ተጫዋቾች በሚከበሩበት ቀን፣ እናቷና እህቷ ከብራዚል መጥተው በኮሌጅ ስትጫወት ለመጀመሪያ ጊዜ አይተዋታል። ልጁን ባሕር አሻግሮ በስልክ ድምፅ ብቻ ያሳደገ የእኛ ሰው፣ ያን ቀን እናቲቱ ምን እንደተሰማቸው ማንም ሳይነግረው ያውቃል። ልጅቷ በእነዚያ ዓመታት ቤት የሆናት ይህ የአሰልጣኞች ቡድን ነው።

አንድ ሌላ ነገር አለ። በ1999 ከፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ጋር ብሔራዊ ዋንጫ ያነሱት የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት አሰልጣኝ ካሮሊን ፔክ፣ አሸናፊዎች እንደ ልማዳቸው ለማስታወሻ ከቅርጫቱ ከሚቆርጡት መረብ የዚያን ዋንጫ ቁራጭ ለስቴይሊ ሰጥተዋቸው ነበር። ስቴይሊ በ2017 ሲያሸንፉ ከራሳቸው መረብ ቆርጠው በ2021 በከፍተኛው የኮሌጅ ዲቪዚዮን ለሚያሰለጥኑ ጥቁር ሴቶች በፖስታ ላኩ።

እንግዲህ ልጄ ከዚህ ቡድን ጥሪ ቢመጣላት እልካት ነበር ወይ? እልካት ነበር። ከመፈረሟ በፊት ግን አሰልጣኞቹ ቤታችን ቡና ሲጠጡ ሁለት ጥያቄ እጠይቃቸው ነበር፦ በመጀመሪያው ዓመት ስንት ደቂቃ ትጫወታለች? በተጋጣሚ ፊት ስትሸማቀቅ ያያት ዓለም ሁሉ ቪዲዮዋን ሲቀባበል፣ በማግስቱ ጠዋት ልምምድ ላይ ማን ነው አጠገቧ የሚቆመው?