ሁለት ዲለር፣ አንድ ሞተር፦ የቱ ጋ ይረክሳል?

አሜሪካ ውስጥ አዲስ ሞተር ሳይክል ሊገዛ የገባ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው የተለጠፈው ዋጋ ላይ ነው። ክርክሩንም እዚያው ላይ ይጀምራል። ዲለሩ፣ ማለትም ሻጩ ድርጅት፣ ግን ትርፉን ሌላ ቦታም ደብቋል።

በምሳሌ እንየው። ካዋሳኪ ኒንጃ 500 በ2024 ሲወጣ ኤቢኤስ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርግ ፍሬን) የሌለው 5,299 ዶላር ነበር። ሁለት ዲለሮች ይህንኑ ሞተር አቀረቡላችሁ እንበል።

የመጀመሪያው ቤት ሻጭ ተጫዋች ነው። ቡና ይጋብዛል። "ማኔጀሬን ላናግርላችሁ" ብሎ ይጠፋል፣ ይመለሳል፣ 300 ዶላር ይቀንሳል። ሞተሩ 4,999 ገባ። ከዚያ ወረቀቱ ይመጣል፦ ማጓጓዣ 450፣ መገጣጠሚያ 550፣ የሰነድ 400። ድምር 6,399።

ሁለተኛው ከ5,299 ሰባራ ሳንቲም አልቀንስም ይላል። ማጓጓዣው ያው 450 ነው። መገጣጠሚያ 200፣ የሰነድ 100። ድምር 6,049። ፊቱን ያጠቆረው ሰውዬ በ350 ዶላር ረከሰ።

ስለዚህ "ስንት ትቀንሳላችሁ?" የሚለው የመርካቶ ጥያቄ እዚህ ብዙም አይሠራም። "አውት ዘ ዶር ስንት ነው?" በሉ። ታክሱ፣ ታርጋው፣ ሁሉም ተጨምሮ ማለት ነው። ዝርዝሩንም በጽሑፍ ጠይቁ።

ከዝርዝሩ ውስጥ ታክስና ታርጋ የመንግሥት ናቸው፣ አትድከሙባቸው። ሜሪላንድ እየኖሩ ቨርጂኒያ ሄዶ መግዛትም ከታክስ አያስመልጥም፤ የምትከፍሉት ሞተሩን በምታስመዘግቡበት ስቴት ሕግ ነው። ማጓጓዣውን ፋብሪካው ከዲለሩ ስለሚቀበል ቶሎ አይነቃነቅም። መገጣጠሚያው ላይ ግን ጠንከር በሉ። የሰነድ ክፍያ እንደ ስቴቱ ይለያያል፦ ካሊፎርኒያ ላይ 85 ዶላር ጣሪያ አለው፣ ቨርጂኒያ ጣሪያ የለውም። "ይሄን መቀነስ አንችልም" ካሏችሁ "እሺ፣ ከሞተሩ ዋጋ ላይ ቀንሱልኝ" በሉ። ለኪሳችሁ ያው ነው።

በአካል ሄዶ መደራደር ይሻላል ወይስ በኢሜይል? እኔ ያለ ማመንታት ኢሜይል እላለሁ። ለሦስት አራት ቤቶች አንድ ዓይነት መልእክት ላኩ፣ ዝቅተኛውን መልስ ይዛችሁ ለቀሩት አሳዩ። በአካል የምትሄዱት ሞተሩ ላይ ተቀምጣችሁ እግራችሁ መሬት መድረሱን ለማየትና ለመፈረም ይሁን።

የዘንድሮ ሞዴል ወይስ ሳይሸጥ የከረመ? ለመደራደር የሚመቸው የከረመው ነው፣ በተለይ ብርድ ገብቶ ገበያው ሲቀዘቅዝ። ኒንጃ 500 ሲመጣ መደብር ውስጥ የቀረው ኒንጃ 400 ይህ ዕጣ ነው የደረሰው። አዲሱ 451 ሲሲ፣ አሮጌው 399፣ የፋብሪካ መነሻ ዋጋቸው ደግሞ እኩል። ታዲያ 400ውን በሙሉ ዋጋ ማን ይገዛዋል? ዲለሩም ያውቀዋል።

ግን ጎማውን ጎንበስ ብላችሁ እዩ። ጎኑ ላይ DOT (ዶት) ብሎ ከሚጀምረው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አሃዝ አለ፤ 3522 ካለ በ2022 በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ቆሞ የከረመ ባትሪም ይደክማል። አዲስ ባትሪ አስገቡልኝ ማለት ነውር የለውም። ዋስትናው ከየትኛው ቀን እንደሚቆጠርም በጽሑፍ አስቀምጡ።

ብድር ከሆነ ደግሞ "በወር ስንት መክፈል ትችላላችሁ?" ለሚለው ጥያቄ ቁጥር አትስጡ። 6,500 ዶላር በ9 በመቶ ወለድ ለ36 ወር ብትበደሩ በወር 207 ገደማ ነው። ወደ 60 ወር ሲዘረጋ 135 ይሆናል፣ ደስ ይላል። ወለዱ ግን ከ941 ወደ 1,596 ይወጣል። ከክሬዲት ዩኒየን (የአባላት ቁጠባና ብድር ማኅበር) ብድሩን ቀድማችሁ አስፈቅዳችሁ ሂዱ፤ ዲለሩ ከዚያ የተሻለ ወለድ ካመጣ ውሰዱት። የሞተሩ ዋጋ ሳያልቅ ግን የብድር ወሬ አትክፈቱ።

"በሦስት ቀን ውስጥ መመለስ ይቻላል" የሚባለውን ወሬ ብዙ ሰው ያምነዋል። የፌዴራሉ የሦስት ቀን ደንብ ዲለሩ መደብር ሄዳችሁ የገዛችሁትን አይሸፍንም። ወረቀቱ ላይ ያልጠየቃችሁት ተጨማሪ ዋስትና ወይም የጎማ ኢንሹራንስ ገብቶ ካገኛችሁ ከመፈረማችሁ በፊት አሰርዙት።