ሃይብሪድ ሚኒቫን ለመግዛት ላሰባችሁ የጎጃም ቤተሰቦች፦ ባትሪው በመሣሪያ ሳይነበብ ገንዘብ አትክፈሉ

ባሕር ዳር ላይ ሰባት ሰው የሚጭን ሃይብሪድ (ቤንዚንና ባትሪ እያጋገዘ የሚሄድ) ሚኒቫን ገዝቼ ደብረ ማርቆስ በገባሁ በ12ኛው ቀን፣ ከአዲስ አበባ ስንመለስ፣ ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን በሚያወጣው ዳገት ላይ ባለቤቴንና አራት ልጆቼን እንደያዝኩ ቆምኩ። እኔ በፈረምኩት ዓይነት «ባለበት ሁኔታ» በሚል ውል ሌሎች መኪኖች ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም በደላሎች እጅ እየዞሩ መሆናቸውን ስለሰማሁ፣ የደረሰብኝን በዝርዝር ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

ፈላጊው ለምን እንደበዛ ግልጽ ነው። ቤንዚን ለመቅዳት ግማሽ ቀን የሚሰለፍ፣ ሰልፉ ሲያቅተው ከመንገድ ዳር በሃይላንድ የሚገዛ የልጆች አባት፣ «በግማሽ ነዳጅ ይሄዳል» ሲባል ልቡ ይከጅላል። ቴክኖሎጂውም የሚናቅ አይደለም። ቶዮታ ኤስቲማ ሃይብሪድን ለጃፓን ገበያ ያቀረበው በ2001 እ.ኤ.አ. ነበር፤ ኖህና ቮክሲ የተባሉት ሚኒቫኖቹ በ2014 እ.ኤ.አ. ፕሪየስ የተባለውን ሃይብሪድ የቤት መኪናውን ዓይነት 1.8 ሊትር ሞተር ይዘው መጡ፤ ለአሜሪካ የሚሠራው ሲየና ደግሞ ከ2021 እ.ኤ.አ. ሞዴል ወዲህ የሚመረተው በሃይብሪድ ብቻ ነው። ይሁንና በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ በኋላ፣ በእኛ አካባቢ ለሽያጭ ሲቀርቡ የማያቸው ቀድመው የገቡ፣ ዕድሜያቸው የገፋ፣ አንዳንዶቹም መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ ናቸው።

ደላላው መጀመሪያ የነገረኝ «ጋሼ፣ ቤትዎ ሆነው ቻርጅ ያደርጉታል» የሚል ነበር። መኪናው ግን መሰኪያ የለውም። በመሰኪያ የሚሞላ ሃይብሪድ ሚኒቫን በእርግጥ አለ፤ የክራይስለር ፓሲፊካ አንዱ ዓይነት 16 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ አለው። እኔ የገዛሁት ግን በ28 ሞጁሎች (እርስ በርስ በተያያዙ ትናንሽ ባትሪዎች) የተሠራ፣ በጠቅላላው 201.6 ቮልት የሆነና ወደ 1.3 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ የሚይዝ የኒኬል ባትሪ ያለው ሲሆን፣ የሚሞላውም በሞተሩና ፍሬን ሲያዝ በሚገኘው ኃይል ብቻ ነው። ይህን ባውቅ ኖሮ «ኤሌክትሪክ ነው» በሚል ቃል ብቻ ከተራው ሚኒቫን ሦስት መቶ ሺህ ብር ጨምሬ ባልከፈልኩ ነበር።

ዋናው ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። መኪናውን የሞከርነው በባሕር ዳር ሜዳ መንገድ፣ በጣና ዳር፣ ያውም ሻጩ ቀድሞ አሙቆ ባቆየው ሞተር ነበር። በሜዳ ላይ የደከመ ባትሪ ራሱን አያጋልጥም። ዓባይ በረሃ ግን ሌላ ነው፤ ከጎሃ ጽዮን ወደ ድልድዩ ስትወርዱ ያ ትንሽ ባትሪ ገና በመጀመሪያዎቹ ኪሎሜትሮች ይሞላና ከዚያ በኋላ የሚጨመርለትን አይቀበልም፤ ስትወጡ ደግሞ በሙቀቱ ላይ ከሺህ ሜትር በላይ ከፍታ እየታገለ ያለውን ኃይል ቶሎ ይጨርሳል። ደካማ ሞጁል ካለ የሚታወቀው በዚያን ጊዜ ነው። በእኛ ላይ የሆነውም ይኸው ነው። በመጀመሪያ ከወንበሬ ሥር ያለው ማራገቢያ እየጮኸ መጣ፤ ቀጥሎ ቀይ ሦስት ማዕዘን በራ፤ በመጨረሻም መኪናው ጉልበቱ ተሟጦ ከኋላችን ያሉት ከባድ መኪኖች ጥሩምባ እየነፉ አለፉን።

ደብረ ማርቆስ ያለ መካኒክ መኪናው ላይ በሚሰካ መሣሪያ የብልሽት ኮዱን ሲያነብ ፒ0ኤ80 የሚል ወጣ፤ ይህም ባትሪው መተካት እንዳለበት የሚያመለክት ነው። ሞጁሎቹ ሁለት ሁለት ሆነው በ14 ክፍሎች ይነበባሉ፤ 13ቱ 15 ቮልት አካባቢ ሲሆኑ አንደኛው ጭነት ሲበዛበት ወደ 12 ይወርድ ነበር። ባትሪው ሲከፈት የሦስቱ ሞጁሎች ቀለም ከሌሎቹ የተለየ ሆኖ ተገኘ፤ አንድ ሰው ቀድሞ ጠጋግኖታል ማለት ነው። በማራገቢያው የአየር መግቢያ ላይ ቀይ አፈርና የሽምብራ ቆሎ ተጠቅጥቆበት ነበር፤ ቆሎው የልጆቼ ሊሆን ይችላል፣ ያን ያህል አፈር ግን በ12 ቀን አይጠራቀምም። መካኒኩ እንደነገረኝ የማስጠንቀቂያ ኮድ በመሣሪያ ሲሰረዝ መብራቱ ይጠፋል፤ ችግሩ እንደገና እስኪያገረሽ ድረስም አይበራም።

ስለዚህ መኪናውን ሞተሩ ከቀዘቀዘበት ጠዋት አስነሱት። ባሕር ዳር ከሆናችሁ ወደ ቤዛዊት በሚወስደው ዳገት፣ ቤተሰብ በሚሞላ ክብደት፣ መሣሪያው ተሰክቶ የ14ቱን ክፍሎች ቮልት እያያችሁ ንዱት፤ አንዱ ከሌሎቹ ከአንድ ቮልት በላይ ከራቀ ሳትገዙ ተመለሱ። «አንዱን ሞጁል ብቻ እንቀይርልሃለን» የሚለውን አትቀበሉ፤ እኩያዎቹም አብረው ስላረጁ ተራው ይደርሳቸዋል። የባትሪውን ከፍተኛ ቮልት የሚያስተላልፉትን ብርቱካናማ ገመዶች ለማንም የሰፈር ጋራዥ አታስነኩ፤ ሰው ይገድላሉ። ሊብሬውንና የሻንሲ ቁጥሩን ማመሳከር ስለምታውቁት አላስረዝምም።

ውሉን በሚመለከት፣ «መርምሬ ባለበት ሁኔታ ገዝቻለሁ» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ያለ ጥያቄ ፈርሜባታለሁ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጩ አውቆ ለደበቀው ጉድለት ያለበትን ኃላፊነት በእንዲህ ያለ ቃል አያስቀርለትም፤ ሆኖም አውቆ መደበቁን የማስረዳት ሸክም በእኔ ላይ ወደቀ። እናንተ በዚያች ዓረፍተ ነገር ፈንታ የባትሪው ንባብ ውጤት ከነቀኑ ከውሉ ጋር እንዲያያዝ አስደርጉ፤ ጉድለት ካገኛችሁም ሳትዘገዩ ለሻጩ በጽሑፍ አስታውቁ። እኔ የላክሁት ማስታወቂያ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘም። ደላላው ደግሞ ባለፈው ሳምንት ደውሎ፣ መኪናውን «ባለበት ሁኔታ» የሚገዛኝ ሰው ከዳንግላ እንዳገኘልኝ ነገረኝ፤ ለዚያ ሰው የቮልት ንባቡን ልኬለታለሁ።