ፈጪ ፓምፕ ከወራት አገልግሎት በኋላ፦ የካምፐር ፍሳሽን በድንጋያማ መሬት ወደ ሩቅ ሴፕቲክ ማድረስ

ካምፐራችን (ባለ ጎማ ተሽከርካሪ ቤታችን) ከቆመበት እስከ ሴፕቲክ ታንኩ መግቢያ 50 ሜትር ያህል ነው። ርቀቱ ባልከፋ፤ መሬቱ ግን ድንጋያማ ነው፣ መሀል ላይ ጎድጎድ ይልና መልሶ ሽቅብ ይወጣል፣ መግቢያውም ካምፐሩ ካለበት በ3 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ነገሩ ተገልብጦ መግቢያው ዝቅ ያለ ቢሆን ኖሮ ምንም መሣሪያ ባላስፈለገን። 75 ሚሊ ሜትር የፕላስቲክ ቧንቧ በየሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር እየወረደ እንዲሄድ ደልድሎ መዘርጋት ነው፤ ፍሳሹ በገዛ ክብደቱ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ቁልቁለት ያላችሁ ሰዎች ፓምፕ አትግዙ። የምጽፈው የኛ ዓይነት መሬት ላለው ሰው ነው።

የምገመግመው ማሰሬተር የሚባለውን በ12 ቮልት የሚሠራ ፈጪ ፓምፕና ከሱ ጋር የዘረጋሁትን 25 ሚሊ ሜትር ቱቦ ነው። በዝናብም በፀሐይም ወራት ሙሉ ሠርቶልኛል። ሐሳቤን ከወዲሁ ልናገር፦ በሸካራ መሬት ላይ ፍሳሽ በጎማ መጓዝ የለበትም፣ በቱቦ ውስጥ ነው መሄድ ያለበት። ግን ፓምፑ ብቻውን ብዙም አይረዳም። ጥሩ ወይም መጥፎ የሚያደርገው ቱቦውና የኤሌክትሪክ ገመዱ ነው፤ ሰው ደግሞ ፓምፑን ሲመርጥ ሰንብቶ ለሁለቱ የተረፈውን ይገዛል።

ከዚህ በፊት የምንጠቀመው 100 ሊትር የሚይዝ ባለ ጎማ የፍሳሽ ታንከር ነበር። በስሚንቶ ወይም በተደለደለ መሬት ላይ ጥሩ ዕቃ ነው፤ አሁንም ሜዳ ላይ ለቆመ ሰው እሱን እመክራለሁ። የኛ ጣጣ ክብደቱ ላይ ነው። ፍሳሽ ከውሃ እምብዛም ስለማይለይ 100 ሊትር ማለት 100 ኪሎ ነው፣ የታንከሩ የራሱ ክብደት ሳይቆጠር። ትንንሾቹ ደረቅ ጎማዎች ጡጫ የምታክል ድንጋይ ባገኙ ቁጥር ቀጥ ይላሉ፤ ሲጎትቱት ደግሞ ዘሎ ያልፍና ውስጡ ያለው ሁሉ ወደ ፊት ይናጣል። እንዳይከብድ ብሎ በግማሽ መሙላት ይብስበታል፣ ፈሳሹ እንደልቡ ስለሚዋልል ታንከሩ ባዘነበለበት በኩል ይሰበሰብና በጎኑ ሊጥለው ይፈልጋል። ከጊዜ በኋላ አክስሉ በሚያርፍበት ቦታ ላይ ፕላስቲኩ መሰንጠቅ ጀመረ። ስንጥቁ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነበር፤ ታንከሩ ባዶ ሲሆን አይታይም፣ ሲሞላ ግን ዳሩ ላይ ጠብታ ይቋጥራል። እሱን ካየሁ በኋላ አንድ ቀንም አልጎተትኩትም። የሰው ዓይነ ምድር መሬት ላይ ቢፈስ ኮሌራ፣ ታይፎይድና የአንጀት ትላትል የሚዛመቱበት መንገድ ያው ነው። ልጆች በሚሮጡበት ግቢ እንዲህ ያለ ነገር በዕድል አይተውም።

ፓምፑ ራሱ ቀላል ዕቃ ነው። አንደኛው አፉ በካምፐሩ የፍሳሽ መውጫ ላይ በመጠምዘዝ ይገጠማል። ውስጡ ያለው ቢላዋ ሶፍቱንና ደረቁን ነገር ይከታትፈዋል፣ ከኋላው ያለው ኢምፔለር የሚባል የሚሽከረከር የጎማ ክንፍ ደግሞ የተፈጨውን በ25 ሚሊ ሜትር መውጫ ይገፋዋል። ከ75 ሚሊ ሜትር ወደ 25 መውረድ መቻሉ ነው ትልቁ ጥቅሙ፤ ቀጭን ቱቦ በድንጋይ መሀል እንደልብ ይጠማዘዛል፣ ሽቅብም ይወጣል። በካርቶኑ ላይ የተጻፈው በደቂቃ 45 ሊትር ገደማ ነው። ያ ቁጥር ርቀትም ዳገትም በሌለበት የተለካ ነው። እኔ በንጹህ ውሃ፣ ቱቦው ጫፍ ላይ በባልዲ ስለካው በደቂቃ 30 ሊትር ገደማ ያደርሳል። ለ50 ሜትርና ለ3 ሜትር ዳገት ይህ ጥሩ ውጤት ነው ብዬ አምናለሁ።

እዚህ ላይ ስለ ቱቦው ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እሱ ላይ ነውና። ከፓምፑ ጋር ብዙ ጊዜ 19 ሚሊ ሜትር የሆነውን የአትክልት ማጠጫ ቱቦ የሚቀበል ማገናኛ አብሮ ይመጣል። ለ5 ወይም ለ10 ሜትር ይሠራ ይሆናል። ርቀቱ ሲጨምር ግን ውሃው ከቱቦው ግድግዳ ጋር ሲፋተግ የሚባክነው ግፊት ከዳገቱ ይበልጣል። በደቂቃ 40 ሊትር በ50 ሜትር ቱቦ ውስጥ ለማሳለፍ ብንፈልግ፣ በ25 ሚሊ ሜትሩ 5 ሜትር ዳገት የመውጣትን ያህል ግፊት ይበላል። በ19 ሚሊ ሜትሩ ግን ወደ 18 ሜትር ዳገት ይጠጋል። ይህ ሁሉ ከ6 ሚሊ ሜትር ልዩነት የመጣ ነው። ይህ ዓይነቱ ትንሽ ፓምፕ 18 ሜትር የመግፋት አቅም የለውም፤ ስለዚህ ፍሰቱ ይዳከማል፣ ሲዳከም የተፈጨው ነገር ቱቦው ውስጥ ይዘቅጣል፣ ሲዘቅጥ ይዘጋል። ፓምፑን የሚወቅሱ ብዙ ሰዎች ወቀሳው የሚገባው ቱቦው ነበር።

መሀል ላይ ያለው ጎድጓዳ መጀመሪያ አሳስቦኝ ነበር። ቱቦው ሙሉ እስከሆነ ድረስ ግን ወርዶ መውጣቱ ፓምፑን አያደክመውም፣ የሚቆጠረው የሁለቱ ጫፎች የከፍታ ልዩነት ብቻ ነው። የጎድጓዳው ችግር ሌላ ነው፦ ሥራው ሲያልቅ ፍሳሹ እዚያ ይተኛል። 25 ሚሊ ሜትር ቱቦ በየሜትሩ ግማሽ ሊትር ገደማ ይይዛል፤ 50 ሜትሩ ወደ 25 ሊትር ማለት ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ መቀየር የለበትም። መጀመሪያ የካምፐሩን የሽንት ቤት ታንከር፣ ቀጥሎ የእጥበት ውሃውን ታንከር። የሳህንና የገላ ማጠቢያው ውሃ ቱቦውን ሙሉ አጥቦት ያልፋል፣ ከ25 ሊትር በላይ እስከሆነ ድረስ። ቱቦውን ሁለቱንም አፍ ደፍኖ ፀሐይ ላይ መተው ደግሞ አደገኛ ነው። ውስጡ የቀረው ሲብላላ ጋዝ ይፈጥራል፣ ክዳኑን የከፈተ ሰው ፊት ላይ ይረጫል። የኔ ቱቦ ላይኛው ጫፉ ሁልጊዜ ክፍት ሆኖ መግቢያው ውስጥ ነው የሚቀመጠው።

መግቢያው ከፍ ያለ ስለሆነ ፓምፑ ሲጠፋ ቱቦው ውስጥ ያለው ወደ ኋላ ይመለሳል። ለዚህ ብዙዎች የሚመክሩት ቼክ ቫልቭ፣ ማለትም ፍሳሹን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ ነው። እኔ አልወደድኩትም፤ ፀጉርና የሶፍት ጭረት ክዳኑ ሥር ይያዝና እንዳይገጥም ያደርገዋል፣ ሰው ግን ዘግቷል ብሎ ተማምኖ ፓምፑን ይፈታል። በምትኩ ከፓምፑ መውጫ ላይ በእጅ የሚዘጋ፣ ሲከፈት የቱቦውን ሙሉ ስፋት የሚለቅ ቦል ቫልቭ ገጠምኩ። እጀታው ከቱቦው ጋር ትይዩ ከሆነ ክፍት ነው፣ አግድም ከሆነ ዝግ ነው፤ ከሩቅ ይታያል። ቫልቩ ዝግ ሆኖ ፓምፑን ማስነሳት አይገባም፣ ያ ብቻ ነው ጥንቃቄው።

ኤሌክትሪኩን በተመለከተ፣ ፓምፑ ሲጫንበት ከ15 እስከ 20 አምፒር ይስባል። ከባትሪው 6 ሜትር ርቆ በ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ቢገናኝ፣ 16 አምፒር ሲያልፍ ደርሶ መልስ 1.3 ቮልት ገደማ ሽቦው ላይ ይቀራል። ከ12 ቮልት ላይ ይህ ከአሥር እጅ አንዱ ነው፤ ፓምፑ ይንቀረፈፋል፣ ይሞቃል፣ ጠንከር ያለ ነገር ሲያገኝ ይቆማል። በ6 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ኪሳራው ከግማሽ ቮልት ብዙም አይርቅም። ፊውዙ 20 አምፒር ሆኖ ከባትሪው አጠገብ ይሁን። ጠቅላላ ፍጆታው ግን አያስፈራም፦ 120 ሊትር ለመግፋት ከ1 አምፒር ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ ትንሽ የፀሐይ ፓኔል ያለው ሰው ልብ ሳይለው ይተካዋል።

ሲሠራ ይጮኻል። በሌሊት የሚሠራ ዕቃ አይደለም። ድምፁ ግን መምህር ነው፤ ፍሳሽ ሲያገኝ ወፍራምና የታፈነ ነው፣ ታንከሩ ሲያልቅ በአንድ ጊዜ ይቀጥናል። ያኔ ወዲያው ማጥፋት ነው። ኢምፔለሩ የሚቀዘቅዘውም የሚለሰልሰውም በሚያልፈው ፈሳሽ ስለሆነ ደረቁን ሲሽከረከር ጎማው ይቃጠላል። ከፓምፑ በፊት ብርሃን የሚያሳልፍ ኤልቦ (የቧንቧ ክርን) መግጠሜም ጠቅሞኛል፣ የሚያልፈውን በዓይን አያለሁ።

አሁን ወደ ድክመቶቹ። የመጀመሪያው፣ ሳይሠራ ሲቆይ መያዙ ነው። አንድ ጊዜ ከረጅም ዕረፍት በኋላ ማብሪያውን ስጫነው ጉምጉም ብሎ ዝም አለ። ይህ ሞዴል ከሞተሩ ጀርባ በካቻቢቴ የሚዞር ጫፍ አለው፤ ኤሌክትሪኩን ነቅዬ ወዲህና ወዲያ ሳዞረው ተላቀቀ፣ ከዚያ ወዲህም ሠርቷል። ስትገዙ ይህ ጫፍ ያለው መሆኑን ተመልከቱ፣ የሌለው ሞዴል ሲይዝ ተፈታትቶ ነው የሚከፈተው። ሁለተኛው፣ በሞተሩና በፓምፑ መካከል ያለው የዘንግ ጎሚኒ ማላብ ጀምሯል። ገና አይንጠባጠብም፤ ከሥራ በኋላ በጣት ሲነካ እርጥበት አለው። እርጥበቱ ዝም ከተባለ ወደ ሞተሩ ስለሚገባ ጎሚኒው ይቀየራል። ከካምፐሩ ጋር የሚገጥመው ትልቁ ጎሚኒም ተጨፍልቆ ነበር፣ እሱን መቀየር የአፍታ ሥራ ነው።

ሦስተኛው የፓምፑ ሳይሆን የመሬቱ ነው። ፓምፑ በተነሳ ቁጥር ቱቦው እንደ ተነካ እባብ ስንዝር ያህል ይወራጫል። አንድ ስለታም ድንጋይ ላይ ያረፈው ቦታ በዚህ ምክንያት የላይኛው ሽፋኑ ተፍቆ የውስጡ ክር መታየት ጀመረ። ያን ክፍል ቆርጬ በማገናኛና በሁለት ፋሸታ ቀጠልኩት፤ በድንጋዮቹ ላይ የሚያልፍበትን ሁሉ ደግሞ በቁመቱ በተሰነጠቀ ሰፋ ያለ ቱቦ አለበስኩት። ከዚያ በኋላ አልተፋቀም። ማገናኛው ያለበትን ቦታ ከሥራ በፊት ሄጄ አየዋለሁ፤ ሊያፈስ የሚችለው እዚያ ነው።

በሴፕቲኩ በኩል ጫፉ የሚገባው ከታንኩ በፊት ባለው ፖዜቶ (የመስመሩ መፈተሻ ጉድጓድ) ነው። ከታንኩ በኋላ ባለው በፍጹም መግባት የለበትም። ታንኩ ሥራው ማዝቀጥ ነው፣ ከባዱ ወደ ታች ይወርዳል፣ ስቡ ከላይ ይንሳፈፋል፣ መሀል ያለው ውሃ ብቻ ወደ አፈር ይሰርጋል። ያልዘቀጠ ፍሳሽ በቀጥታ ወደ ማስረጊያው ከሄደ አፈሩ ይደፈናል። ቢላዋው የፈጨው ፍሳሽ ደግሞ ካልተፈጨው ቀስ ብሎ ስለሚዘቅጥ የካምፐሩን ሁለት ታንከሮች በአንድ ትንፋሽ አልገፋም፣ ፋታ እሰጠዋለሁ። ጫፉ በግፊቱ እንዳይዘል በገመድ ይታሰራል። ወንድሜ ፖዜቶው ዘንድ ይቆማል፣ ውሃው ሲመጣ «ደረሰ!» ይለኛል፤ ከ1 ደቂቃ በላይ ድምፁን ካልሰማሁ አጠፋለሁ። የታንኩ የራሱ ክዳን ግን አይከፈትም፣ አንገትም አይገባበትም። እዚያ የሚጠራቀመው ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ማሽተቻን ራሱን ያደነዝዛል፣ ሰው ሽታው ጠፋ ሲል ነው የሚወድቀው።

የእርጥብ ሶፍት፣ የሞዴስና የዳይፐር ነገር ክርክር የለውም፤ ቢላዋው ክሩን ይጠመጥመዋል እንጂ አይቆርጠውም። ፎርማልዴሃይድ ያለበትን የካምፐር ሽንት ቤት ኬሚካልም ትቻለሁ፣ ሴፕቲኩ የሚሠራው በባክቴሪያ ስለሆነ እሱን ይገድላል። ብዙ ውሃ ማፍሰስ ይሻላል። የሽንት ቤቱን ቫልቭ ዘግቶ ታንከሩ ሁለት ሦስተኛ እስኪሞላ መጠበቅ ፍሳሹን ስለሚያቀጥነው ፓምፑም ይቀለዋል።

ይህን ፓምፕ እንደገና እገዛዋለሁ፣ ለዚሁ መሬት። ከሱ ጋር በአንድ ጊዜ የሚገዛው የዘንግ ጎሚኒና የኢምፔለር መለዋወጫ ነው፤ ሞዴሉ ሲቀየር ልኩ አብሮ ስለሚቀየር በኋላ ፍለጋው አድካሚ ነው። ረጅም ጓንት፣ ለዚህ ሥራ ብቻ የሚውል የማጠቢያ ቱቦም ያስፈልጋል። የመጠጥ ውሃ የሚቀዳበት ቱቦ ለአንዲት ደቂቃ እንኳ ወደዚህ መስመር አይጠጋም፤ የኛ ሁለቱ ቱቦዎች ቀለማቸው የተለያየ ነው፣ የሚሰቀሉትም በካምፐሩ በተቃራኒ ጎን ነው።